ሳብር በፈረሰኛ ጦርና በስፖርት አዳራሽ፦ የጋራ ስም፣ የተለያየ ጉዞ

መግቢያ

ሳብር በአንድ እጅ የሚያዝ፣ በአንድ ወገን የተሳለና ብዙውን ጊዜ የጎበጠ ጎራዴ ነው። ዛሬ ይህ ስም ከፎይልና ከኤፔ ጋር ከሦስቱ የፌንሲንግ መሣሪያዎች አንዱን ያመለክታል። በሳብር ግጥሚያ የሚቆጠረው ከወገብ በላይ ያረፈ ምት ብቻ ነው። ለዚህም በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ ሕጉ ከፈረሰኛ ጦር የተወረሰ መሆኑን፣ ፈረሰኛ ባላንጣውን እንጂ ፈረሱን እንደማይመታ ይገልጻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማብራሪያውን ከብሪታንያና ከኢጣሊያ በተወሰዱ ማስረጃዎች መመዘን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከመምታት ወደ መውጋት

ጆን ጋስፓርድ ለ ማርሻንት የተባለው የብሪታንያ መኮንን በ1790ዎቹ መጀመሪያ በፍላንደርስ ዘመቻ ተካፍሎ የሠራዊቱን የጎራዴ አያያዝ ድክመት ተመለከተ። ከበርሚንግሃሙ ጎራዴ ሠሪ ከሄንሪ ኦስቦርን ጋር ያዘጋጀው የቀላል ፈረሰኛ ሳብር በ1796 ጸደቀ። ስለቱ 83 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በጣም የጎበጠና ወደ ጫፉ የሚሰፋ ሲሆን፣ የተሠራው በዋናነት በስለት ለመምታት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የልምምድ ደንብም ስድስት ዋና ዋና ምቶችን ያስተምራል። በጫፍ መውጋትን ግን በአብዛኛው ለሚሸሽ ጠላት ይተወዋል፤ ምክንያቱም የተመከተ ውጊያ የወጊውን ክንድ ያጋልጣል።

ለጥያቄያችን ወሳኙ ነጥብ ሌላ ነው። ደንቡ ፈረሰኛው የፈረሱን ግራና ቀኝ ጎን እንዲከላከል የሚያዝዙ እንቅስቃሴዎችን ይዟል። የማይመታን ነገር መከላከል ትርጉም ስለሌለው፣ ፈረሱ ከዒላማ ውጪ ነበር የሚለው አባባል ከደንቡ ጋር አይስማማም።

በ1821 እና በ1853 የወጡት የብሪታንያ ሞዴሎች ጥቂት ብቻ የጎበጠ ስለት ይዘው መምታትንና መውጋትን ለማጣመር ሞከሩ። ክርክሩ የተቋጨው በ1908 ሞዴል ነው። ይህ ጎራዴ 89 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ቀጭን ስለትና ሰፊ የእጅ መከለያ ሲኖረው፣ ዋና ተግባሩ መውጋት ነው። በመሆኑም ፈረሰኛው ጦር በመጨረሻ ለሳብር መለያ የሆነውን ጉብጠትና ምት ትቷል።

ከሚላኖ ወደ ቡዳፔስት

ስፖርቱ የሄደበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ጁዜፔ ራዳዬሊ በሚላኖ ለፈረሰኞች ያስተማረውን ስልት ካፒቴን ሴቲሞ ዴል ፍራቴ በ1868 በመጽሐፍ አወጣው። ከባዱን ሳብር በእጅ አንጓ ብቻ መቆጣጠር ስለሚያስቸግር፣ ራዳዬሊ የምቱን ማዞሪያ ክርን ላይ አደረገ። እንግዲህ ከፈረሰኛ ጦር ጋር ያለው ዝምድና እውነተኛ ነው፤ የተላለፈው ግን የክንድ አሠራር እንጂ የዒላማ ወሰን አይደለም።

ኢጣሊያዊው መምህር ኢታሎ ሳንቴሊ በ1896 ወደ ቡዳፔስት ሄዶ ማስተማር ጀመረ። በቀላሉ መሣሪያ የጣትና የአንጓ ፍጥነትን ያዳበሩት የሀንጋሪ ተጋጣሚዎችም ከ1924 እስከ 1964 በተካሄዱት ኦሎምፒኮች ሁሉ የወንዶች ነጠላ ሳብር አሸናፊ ሆኑ። ዛሬ የስፖርት ሳብር ክብደት ከ500 ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ የ1796ቱ ሳብር ግን ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋ ነበር። በኤሌክትሪክ አቆጣጠር ደግሞ ምቱ በስለቱም ሆነ በጎኑ ቢያርፍ ነጥብ ያስገኛል። በጦር ሜዳ በጎን ያረፈ ብረት አይቆርጥም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረሰኛው መምታትን ትቶ መውጋትን ሲመርጥ፣ የስፖርት አዳራሹ ምትን ጠብቆ መሣሪያውን አቀለለ። ስለዚህ የዛሬውን የግጥሚያ ሕግ ለጦር ሜዳ ልማድ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የአሠራር ስሕተት ነው። ተመራማሪ የመሣሪያውን ቅርጽ፣ የዘመኑን የልምምድ ደንብና የስፖርቱን ሕግ እንደ ሦስት የተለያዩ ምንጮች ሊመረምራቸው ይገባል፤ ስም መውረስ ተግባርን ከመውረስ ጋር አንድ አይደለምና።