«በሚቀጥለው ወር እናሠራዋለን» እየተባለ የሚያልፍ ይርጋ

ከላይኛው ፎቅ የሻወር ውኃ ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ይሰርጋል። ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታው ይሰፋል፣ የመብራት መስመሩ ይረጥባል። የታችኛው ቤት ባለቤት ወጥታ ታንኳኳለች። «እሺ እትዬ፣ በሚቀጥለው ወር እናሠራዋለን» ትባላለች። ወሩ ያልፋል፣ በዓል ይገባል፣ የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ አያነሳም። ጠበቃ ዘንድ ስትደርስ በእጇ ያለው ማስረጃ መቼ እንደተነሳ የማይታወቅ ፎቶ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞችን ክርክር የሚይዙ ጠበቆች ይህን ታሪክ ደጋግመው ሰምተውታል። መብቱማ ግልጽ ነው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የቤት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ወይም በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል።

ሰው የሚሸነፈው በቀኑ ነው። የሁከት ይወገድልኝ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ቁጥር 1149 ይደነግጋል። ለተበላሸው ጣሪያና ዕቃ የሚጠየቀው ካሳም በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ተከሳሹ መልሱን ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ ይኸው ይርጋ ነው። ያን ጊዜ የጣሪያው ሻጋታ ቢታይም፣ ምስክር ቢደረደርም ፍርድ ቤቱ ወደ ፍሬ ነገሩ ላይገባ ይችላል።

ውኃው በየጊዜው ከፈሰሰስ? እያንዳንዱ ፍሰት አዲስ ሁከት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ዳኞች ግን ሁሌም በአንድ ዓይን አያዩትም። የመጀመሪያውን ቀን ይዞ መቁጠር ይሻላል። ደረጃ ላይ በቃል የተጀመረ ሽምግልናም ይርጋውን ያስቆምልኛል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። ይርጋን በእርግጠኝነት የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት ነው፤ ጎረቤት ኃላፊነቱን አምኖ የፈረመበት ወረቀትም ትልቅ ጉልበት አለው።

ስድብና ስም ማጥፋት ሲጨመርበት ጊዜው ይበልጥ ያጥራል። በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀ በሦስት ወር ውስጥ አቤቱታ እንዲቀርብባቸው የወንጀል ሕጉ ቁጥር 213 ያዛል። ከገና በፊት የተሰነዘረ ስድብ «ለፋሲካ ይታረቁ» ሲባል ቀኑ ያልፍበታል። ድብደባ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዶ የሕክምና ማስረጃ መያዝ ነው፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሐኪሙ የሚጽፈው ነገር ያንሳል።

ጎረቤትን ማስፈረም ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አብሮ ቡና የጠጣን ሰው «ፈርምልኝ» ማለት ይከብዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጎረቤት ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ይችላል፤ አዲሱ ባለቤትም ስለ ቃሉ ምንም አያውቅም። ፍሳሹ መቼ እንደጀመረ፣ ማን እንደሚያሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚያልቅ የሚገልጽ አንድ ገጽ፣ የሁለቱ ወገኖችና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያለበት፣ ጉርብትናን አያፈርስም።

ለቤት ባለቤቶች ማኅበሩም አቤቱታው በጽሑፍ ይግባ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ይረፍበት። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ማኅበሩ የጋራ መጠቀሚያዎችን ያስተዳድራል፤ በተግባር ግን አንዳንዱ ብሎክ ጠንካራ ኮሚቴ አለው፣ ሌላው ጋ ማኅተሙ ማን ቤት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። መልስ ካልመጣ ማኅበሩን እየጠበቁ ሁለቱን ዓመት መጨረስ አይገባም።

የላይኛው ቤት የተከራየ ከሆነ ጥያቄው ማንን እንክሰስ ይሆናል። ሁከቱ የተከራዩ ሥራ ከሆነ ተከራዩ፣ ጉዳቱ ከሕንጻው ከመነጨ ደግሞ ባለቤቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 ሊጠየቅ ይችላል። ምንጩ ካልተለየ ሁለቱንም መክሰስ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የቧንቧ ባለሙያ አስገብቶ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍና በፊርማ ማስያዝ ይቀድማል።