ሳጥኑ ፋብሪካ አይጠይቅም

ኮምፒውተር ከሚባለው ዕቃ ውስጥ እዚህ ወሎ፣ ውርጌሳ ላይ ተቆርጦ፣ ተበስቶና ተገጣጥሞ ሊሠራ የሚችል አንድ ክፍል አለ፤ ሳጥኑ፣ ማለትም ኬዙ። ሌላው በኛ እጅ የሚሠራ አይደለም። ቺፑ የሚመረትበትን አንድ ፋብሪካ ለማቆም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይፈስሳል፤ ራሙም ሃርድ ዲስኩም ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ኬዙ ግን ላሜራ ነው፣ ቀዳዳ ነው፣ ብሎን ነው። ላሜራ የሚቆርጥና የሚያጥፍ ሰው ደግሞ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር አይታጣም።

ታዲያ በማንችለው ዘጠኝ ነገር ስንቆጭ የምንችለው አንዱ ለምን ያመልጠናል? "ላፕቶፕ ቢኖረኝ ፕሮግራሚንግ እማር ነበር፤ ቪዲዮ አቀናብር ነበር" የሚል ወጣት በየሰፈሩ አለ። እስቲ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት። አጎቱ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ወይ ጓደኛው አልጋ ሥር አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ አይጠፋም። ኬዙ ተጣሟል፣ ማብሪያው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ክፍት በቀረው ጎኑ አይጥ ገብቶ ጎጆ ሠርቷል። "ተበላሽቷል" ተብሎ ተጥሏል። ሲታይ ግን የተቀደደው ልብሱ ነው፤ ገላው ደኅና ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ወጣት ነው።

መጀመሪያ አንድ ሐፍረት ከመንገድ እናንሳ፤ በእጅ የተሠራ ኬዝ የችጋር ምልክት አይደለም። አፕል በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያ ኮምፒውተር፣ አፕል ዋን፣ ኬዝ አልነበረውም። ገዢው 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ከፍሎ የሚረከበው ራቁቱን የሆነ ሰሌዳ ነበር። ኪቦርድ፣ ስክሪን፣ ፓወር ሰፕላይና ሳጥን ፈልጎ ማሟላት የራሱ ጣጣ ነው። ከተሠሩት 200 ገደማ ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ እንጨት ሳጥን ውስጥ ገቡ። እንጨት ሳጥን ውስጥ የተገጠመ አንድ አፕል ዋን ዛሬ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኋላ ጉግል የሆነውን ሥራ ሲሞክሩ አሥር ባለ 4 ጊጋባይት ሃርድ ዲስኮችን አንድ ላይ የሚይዝ ሳጥን አስፈለጋቸው። የሠሩት ከልጆች መጫወቻ፣ ከሌጎ ጡብ ነው። እነዚያ ሁለት ተማሪዎች "የሚመጥን ኬዝ እስኪገዛልን" ብለው ቁጭ ቢሉ ኖሮ ማን ያስታውሳቸው ነበር?

ለኛ ቤት የሚቀርበው ግን የጄሪ ታሪክ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ፓሪስ ያሉ የዲዛይን ተማሪዎች የአሮጌ ኮምፒውተሮችን አካል ሰብስበው በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ገጠሙትና ጄሪ አሉት። የጀሪካኑ ጎን ተቆርጦ እንደ መዝጊያ ይከፈታል፤ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ይታሰራሉ፤ እጀታው ራሱ መሸከሚያ ነው። ሐሳቡ ፓሪስ አልቀረም፤ ኮት ዲቯርና ቶጎ ያሉ ወጣቶች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። የቶጎው አፋቴ ኒኩ ደግሞ ከዚያም አልፎ በ2013 እ.ኤ.አ. ከተጣሉ ስካነሮችና ከሌላ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ስሪዲ ፕሪንተር ሠራ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! እስቲ እሱ የሌለበት ቤት በወረዳችን ሀብሩ ውስጥ ፈልጉ።

ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በርሜል ተቀድዶ ተዘርግቶ ምድጃ ይሆናል፣ ሳጥን ይሆናል፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቁራጭ ብረት ዋጋ ይወጣለታል። ወሎ ውስጥ የእርዳታ ዘይት የመጣበት ቆርቆሮ ተዘርግቶ በር ላይ ተመትቷል፤ ጣሳው ኩራዝ ሆኖ ቤት አብርቷል፤ የመኪና ጎማ ጫማ ሆኖ ዳገት ወጥቷል። እነዚህን የሠሩ እናቶችና አባቶች "ፈጠራ" የሚል ሥልጠና አልወሰዱም። እጃቸው ላይ ያለው ዕቃ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠየቁ፣ ከዚያ ሠሩት። የኛ ትውልድ ይህን እጅ አልወረሰም ማለት ይከብደኛል፤ ወርሶታል፣ ግን ኮምፒውተር ላይ ሊያሳርፈው ይፈራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ በደሴና ወልድያ መሥመር ተመላልሷል፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘርፏል፣ ወድሟል። እንዲህ ያለ ጥፋት ኬዝ በመሥራት አይተካም፤ "ጥረት ሁሉን ይተካል" የሚል አነቃቂ ተናጋሪ ከመጣባችሁ አትስሙት። የጠፋው ይጠየቃል፣ የተረፈው ይሠራበታል። ሁለቱ አይጣሉም። ደግሞም ቁርጥራጭ ስትሰበስቡ ከጦር ሜዳ የቀረ የሚመስል ብረት አትንኩ፤ ቀለሀም ሣጥንም ቢመስል። ባለበት ትታችሁ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ንገሩ። ኬዝ ለመሥራት ብሎ እጁን የሚያጣ ልጅ ማየት አንፈልግም።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ሰው ኬዝ ሲያስብ መልኩን ያስባል፤ መስታወት ጎን፣ ቀለም የሚቀያይር መብራት። ያ ይቆይ። የውርጌሳን ሙቀትና የአስፋልቱን ዳር አቧራ የሚያውቅ ሰው ከሥራው ነው የሚጀምረው። ሳጥኑ ሙቀት ያስወጣ፣ አቧራ ይከልክል፣ ኤሌክትሪክ ሰው ላይ እንዳይደርስ ይያዝ። እነዚህን ሦስቱን ከሠራ ቢጫ ጀሪካንም ይሁን የእንጀራ ምጣድ ሽፋን ለኮምፒውተሩ ግድ አይሰጠውም።

እኔ ብመርጥ ግን ጀሪካኑን አልመርጥም። የቆርቆሮ ሳጥኑን ነው የምመርጠው፤ ያንን እናቶቻችን ነጠላና ቀሚስ የሚያኖሩበትን፣ ጥግ ጥጉ የዛገውን። ክዳን አለው፣ ማጠፊያ አለው፣ ቁልፍ መግቢያ አለው። ብረት ስለሆነ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ከአዳዲሶቹ የፋብሪካ ኬዞች ሣሣ ያሉትን ሳይበልጥም አይቀርም። ማዘርቦርዶች መጠናቸው የታወቀ ነው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደው ኤቲኤክስ 30.5 በ24.4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ማይክሮ ኤቲኤክሱ በአራቱም ጎን 24.4፣ ትንሹ ሚኒ አይቲኤክስ 17 በ17። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሳጥኑን ለኩ፤ ለፓወር ሰፕላዩ፣ ለዲስኩና ለሽቦው ቦታ ከተረፈ ኬዝ አገኛችሁ።

ማዘርቦርዱን ካርቶን ላይ አስተኙት። ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን በስስ ሚስማር ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ምልክት ያዙ። ያ ካርቶን ፕላናችሁ ነው። እሱን ይዞ በያጅ ቤት የሚገባ ልጅና "ኮምፒውተር ኬዝ ሥሩልኝ" ብሎ የሚገባ ልጅ አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም። "ጋሼ፣ ይቺን ልክ ቀዳዳ ቢበሱልኝ ስንት ይለኛል?" ሲባል ባለሙያው መነጽሩን ያስተካክላል፤ ካርቶኑን ተቀብሎ ያገላብጣል፤ "ይቺኛዋ ጠርዝ በዛባት" ብሎ ማረም ይጀምራል። ሥራችሁ ሥራው ሆነ ማለት ነው። ምን እንደሚፈልግ በልክ የሚያውቅ ሰው የሚረዳው አያጣም። ይህን የምለው ስለ ላሜራ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ፍለጋ የሚዞረውም፣ ብድር የሚጠይቀውም ካርቶኑን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

የማዘርቦርዱ ጀርባ ብረት መንካት የለበትም፤ ከነካ ሾርት ያደርጋል። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ትንንሽ የናስ እግሮች ያስገባሉ። ከሞተ ኬዝ ፈትታችሁ ካላገኛችሁ ያለቀ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ሰባት ሚሊ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡና ብሎኑን በመሐሉ አሳልፉ፤ ከታች በዳዶ ይጠበቃል። ተማሪ ባለበት ቤት ያለቀ እስክሪብቶ አይጠፋም።

አየሩን አስቡ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ አየር የሚያስገባው ፋን ዝቅ ብሎ በፊት ለፊት፣ የሚያስወጣው ከፍ ብሎ በኋላ በኩል ይሁን። ከሞተ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ደኅና ፋን ይኖራል ብላችሁ ግን አትክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ጉልበት ይዘው ይቆያሉ፣ ይመታሉ። ያንን ለባለሙያ ተዉት። የሚያስገባው ፋን ከሚያስወጣው በርታ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ አቧራው በየስንጥቁ አይሳብም፣ በአንድ በር ብቻ ይገባል። በዚያ በር ላይ አሮጌ ስቶኪንግ ወይም የመስኮት ወንፊት ወጥሩበት። አጎበሩን ግን ተዉት፤ እሱ ለወባ ነው።

ከሁሉ የምወደው ማብሪያው ነው። የኮምፒውተር ማብሪያ የሚመስለንን ያህል ረቂቅ ነገር አይደለም፤ ተጭነው ሲለቁት የሚመለስ ማንኛውም ቁልፍ ሁለቱን ስስ ሽቦዎች ለአፍታ ካገናኘ ማሽኑ ይነሣል። ስለዚህ ከተነቀለ በር ላይ የተረፈ የደወል ቁልፍ ይበቃል። ከመብራት መሥመሩ ጋር ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ስስ ሽቦዎች ጋር ብቻ ነው የሚገናኘው። ያንን ነጭ የደወል ቁልፍ የዛገ ሳጥን ግንባር ላይ ገጥሞ፣ ተጭኖ፣ ፋኑ ሲሽከረከር የሰማ ልጅ ሌላ ሰው ነው። ትናንት "የፈረንጅ ዕቃ" የነበረው ዛሬ በእጁ የከፈተው፣ የዘጋው፣ ምን ከምን እንደተያያዘ የሚያውቀው ዕቃ ሆነ። በራስ መተማመን በንግግር ይመጣል የሚሉትን አላምንም፤ ሲነሣ በተሰማ ፋን ግን ይመጣል።

ፓወር ሰፕላዩን በተመለከተ ቀልድ የለም። 220 ቮልት ነው የሚገባው፤ ገመዱ መሬት ያለው ይሁን፣ ፓወር ሰፕላዩ ከብረቱ ሳጥን ጋር በብሎን ይጠበቅ፣ ሳጥኑ ቀለም ካለው ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት። እንዲህ ሲሆን የላላ ሽቦ ብረቱን ቢነካ እንኳ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል ሳይሆን በመሬት ሽቦው በኩል መንገድ ያገኛል፤ የቤቱ መሥመር መሬት ካለው ማለቴ ነው፣ ይህንም ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በአንዴ ገፍቶ ስለሚመጣ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት መጠበቅ ነው።

"የውስጥ ዕቃውን ከየት አመጣለሁ?" ላላችሁ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ መጋዘን የተከመረ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ግን በትውውቅ አይወሰድም፤ የሚወገድበት ሥርዓት፣ ጨረታና ኮሚቴ አለው። ማመልከቻ ጻፉ። ለራሳችሁ ብቻ አትጻፉ፤ "ለትምህርት ቤቱ አይሲቲ ክበብ ከአምስት የማይሠሩ ማሽኖች ሁለት የሚሠሩ እናወጣለን" ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ እምቢ ለማለት ይከብዳል፤ እምቢ ቢባልም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይቀርባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አቁሟል፤ በዚህ የተነሣ በዓለም ዙሪያ "አረጁ" ተብለው የሚጣሉ፣ ግን በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ቢጭኑባቸው ገና ብዙ የሚሠሩ ማሽኖች አሉ። አማርኛም ይጻፍባቸዋል፣ ፕሮግራሚንግም ይለመድባቸዋል።

የመጀመሪያው ሳጥናችሁ ያስጠላል። ቀዳዳው ይንጋደዳል፣ ክዳኑ በፋኑ ንዝረት ይጮኻል፣ ዩኤስቢ መሰኪያው ከተቆረጠለት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይስታል። እሱን ሞረድ ይጨርሰዋል፤ ለጩኸቱ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ስስ ጎማ ከክዳኑ ሥር ይደረጋል። ቀለም መቀባት የምትፈልጉ ቀቡ፣ የማትፈልጉ ዝገቱን ፍቃችሁ በዘይት አብሱት፤ የራሱ ውበት አለው። ጓደኛ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ። ሁለተኛውን እሱ ራሱ ነው የሚያሠራችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ቀዳዳ ለመብሳት ድሪሉን ከመቀስቀሳችሁ በፊት ማዘርቦርዱን ከሳጥኑ አውጡ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ አኑሩት፤ በስታችሁ ስትጨርሱ ሳጥኑን ደጅ አውጥታችሁ ገልብጡ፣ በብሩሽ ጥረጉ፣ ጥግ ጥጉን በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ አድርቁ። አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ከሁለት የቺፕ እግሮች መሐል ከገባች ያንን ሁሉ ልፋት በአንድ ብልጭታ ትጨርሰዋለች። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ካርቶኑን አንሡና ማዘርቦርዱን በልኩ አስገቡት።