መጀመሪያ አዳፕተሩን አሳየኝ

ቆይ አቦ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጠው። ፔዳሉ አልበራ ስላለ ብቻ ሆዱን መክፈት የለብህም። «ቦርዱ ተቃጥሏል» ማለት ለሁሉም ይቀለዋል፤ ኪቦርዲስቱም ይልሃል፣ ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛህም ይልሃል። እኔ ግን መብራቱ ከሶኬት ተነስቶ እስከ አይሲው እግር የሚሄድበትን መንገድ ሳላይ ቦርድ አልከስም። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው መንገድ ላይ ነው።

ለመሆኑ ጊታሩን ሰክተሃል? አትሳቅ። በባትሪ ስትሞክረው ኢንፑቱ ላይ ጃክ ካልገባ አይበራም። ቀዳዳው ውስጥ ሦስት ኮንታክት አለ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦርዱ ኔጌቲቭ ጋር የሚገናኘው የጊታርህ ጃክ ገብቶ ሁለቱን ሲያያይዛቸው ነው። ጃኩን ሰክተህ የምትተወው ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሳትጫወትበት ያልቃል።

ሌሎቹን ፔዳሎች አውጣቸው። ጊታር፣ ይሄ ፔዳል፣ አምፕ፣ በቃ። ገመዶቹንም ያለ ፔዳል በቀጥታ አምፑ ላይ ሞክራቸው። ይሄ የቦስ ነው አይደል? ቦስ መብራት ካጣ፣ ረገጥከውም አልረገጥከውም ድምፅ አያሳልፍም። ስለዚህ ጸጥ ማለቱ ስለ ቦርዱ ምንም አይነግርህም። ትሩ ባይፓስ የሚሏቸው ናቸው መብራት ሳይኖራቸውም የጊታሩን ድምፅ የሚያሳልፉት።

አሁን አዳፕተሩን ስጠኝ። ይሄማ የኪቦርድ ነው! ፔዳል የሚሞተው እዚህ ጋ ነው ወንድሜ። አብዛኛው የጊታር ፔዳል የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ፣ መሀሉ ኔጌቲቭ፣ ዳሩ ፖዘቲቭ ነው። ብዙ የያማሃ ኪቦርድ የሚሠራበት አዳፕተር 12 ቮልት ነው፣ መሀሉም ፖዘቲቭ። ታዲያ ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባል፤ የሚያስጠነቅቅህ የለም። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የምታገኛቸው ባለ ብዙ ቮልት አዳፕተሮችም ያው ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ጫፍ ተነቅሎ ተገልብጦ ይሰካል፣ ቮልቱን የምትመርጥባት ማንሸራተቻም ቦርሳ ውስጥ ተገፍታ ከ9 ወደ 12 ትሄዳለች። ጀርባው ላይ ያለችውን ሥዕል እይ፤ መሀሏ ላይ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ያልተዘጋ ክብ። ነጥቡ የሚያያዘው ከመቀነስ ምልክቱ ጋር መሆን አለበት።

ሥዕልም ይዋሻል፤ ሜትሩን ዲሲ 20 ላይ አድርግ። ቀዩን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ፣ ጥቁሩን ዳሩ ላይ። የመቀነስ ምልክት ያለው 9 ካየህ ደስ ይበልህ፣ የፔዳል አዳፕተር ነው። ምልክት የሌለው 9 ከመጣ ለሌላ ዕቃ ይሁን። ከባዱ፣ ባለ ትራንስፎርመሩ አሮጌ አዳፕተር 9 ተጽፎበት 12 ወይም 13 ቢያሳይህ አትደንግጥ፤ ጭነት ሳይኖርበት እንደዚያ ነው። አንተን የሚያሳስብህ ለብቻው 9 አሳይቶ ፔዳሉ ላይ ሲሰካ ወደ ዜሮ የሚወርደው ነው። ሌላ ፔዳል ላይ ሰክተህ እየው፤ እዚያም ከወረደ አዳፕተሩ ደክሟል፣ እዚያ ከቆመ ያንተው ፔዳል ውስጥ ሾርት አለ። ዲጂታል ዲሌይ ከሆነ ግን አምፕሩንም አንብብ። ዲስቶርሽን ጥቂት ሚሊአምፕር ይበቃዋል፤ ዲጂታሉ ከ50 በላይ ይጠይቃል።

አዳፕተሩን ራሱን እንዳትከፍተው። ፔዳሉ ውስጥ ያለው 9 ቮልት ጣትህን አይጎዳም፤ እዚያ ውስጥ ግን 220 አለ፣ ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም ካፓሲተሩ ላይ የቀረ ይኖራል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሶላሩ በቀጥታ እንዳታያይዘው፤ ሐሳብህ ገብቶኛል። «12 ቮልት» የሚባለው የሶላር ባትሪ ፀሐይ ላይ ሲሞላ ከ14 ያልፋል፤ ፓኔሉ ራሱ ያለ ጭነት 18፣ 20 ያሳይሃል። ፔዳሉ ውስጥ 16 ቮልት የተጻፈባቸው ካፓሲተሮች አሉ። ከባትሪው፣ ከፓኔሉ አይደለም፣ መሀል ላይ 7809 ሬጉሌተር አስገብተህ ብቻ።

አሁን ክፈተው። ባትሪው ይውጣ፣ አዳፕተሩም ይነቀል። ከአዳፕተሩ መሰኪያ አጠገብ አንድ ጫፏ ላይ ብርማ ቀለበት ያላትን ጥቁር ዳዮድ ታያታለህ? ብዙ ፔዳል ላይ እሷ ዘበኛ ናት፤ ቀለበቷ ወደ ፖዘቲቩ፣ ሌላው እግሯ ወደ ኔጌቲቩ። አዳፕተር ተገልብጦ ሲሰካ መብራቱን ሁሉ በራሷ ታሳልፍና አይሲውን ታተርፋለች። ጉልበቱ ከበዛባት ሾርት ሆና ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው አዳፕተር ሲሰካም እሱንም ወደ ዜሮ ትጥለዋለች። ያንተም እንደሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሜትሩን ጢጥ የሚለው ላይ አድርገህ በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል ለካ። አንዴ ጢጥ ብሎ ከቆመ ካፓሲተር እየሞላ ነው፣ ተወው። ሳያቋርጥ ከጮኸ፣ ጫፎቹን ስታገላብጣቸውም ከጮኸ፣ ሾርት ነው። የዳዮዷን አንድ እግር ብቻ በመበየጃው አንሳና ድገም። ዝም ካለ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ 4007 የሚባለውን ዳዮድ ራዲዮ የሚጠግን ሁሉ አለው፣ ርካሽ ነው። ቀለበቷን ወደ ነበረበት አቅጣጫ አድርገህ ተካት። «ያለሷም ይሠራል» ብሎ ነቅሎ የሚተው አለ፤ ይሠራል፣ እስከሚቀጥለው የኪቦርድ አዳፕተር ድረስ። እግሯ ተነስቶም ከጮኸ ያበጠ ካፓሲተር ፈልግ፣ ቀጥሎ አይሲ።

ሾርት ከሌለና መብራቱም ካላለፈ ከመሰኪያው እግሮች ሥር ያለውን ሊድ የስልክህን ባትሪ አብርተህ እየው። በእግሩ ዙሪያ ቀጭን ክብ ስንጥቅ ካለ፣ ገመዱን በነካካህ ቁጥር የሚበራውና የሚጠፋው ለዚያ ነው። አዲስ ሊድ ጨምረህ አቅልጠው። በአዳፕተር እየሠራ በባትሪ እምቢ ካለ ደግሞ ያው መሰኪያ ነው፤ አዳፕተር ሲገባ ባትሪውን የሚያቋርጠው ቆርቆሮ ተጣሞ ሳይመለስ ቀርቷል።

መብራት ስትሰጠው ጥቁሩን የሜትር ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ አስቀምጥና በቀዩ ተከተል። ስምንት እግር ያለው 4558 ዓይነት አይሲ ከሆነ 8ኛው እግር ላይ ወደ 9፣ 4ኛው ላይ ዜሮ፣ 1ኛውና 7ኛው ላይ ግማሹን፣ ወደ 4.5 ታገኛለህ። አንደኛው እግር ነጥቡ ያለበት ነው። ግማሹ ከጠፋ ቮልቱን የሚያካፍሉትን ሁለት ሬዚስተሮችና አጠገባቸው ያለውን ካፓሲተር ፈልግ። ቀስ ብለህ ብቻ፤ ጫፉ ተንሸራቶ ሁለት እግር ከነካ ሌላ ሥራ ትጨምራለህ።

በርቶ የሚያጉረመርም ከሆነ በባትሪ ሞክረው። ጉርምርምታው ከጠፋ ፔዳሉን አትንካው፣ አዳፕተሩን ቀይር።

የዳዮዷን ቁጥር፣ የካፓሲተሩን ቮልትና ማይክሮፋራድ አሁኑኑ ስልክህ ላይ ጻፍ፤ ከዋሂል ለአንድ ዳዮድ ሁለቴ ከተማ አትመላለስም። ለቅዳሜው ሠርግ ካልደረሰ ጊታሩን በቀጥታ አምፑ ላይ ሰክተህ ተጫወት። በዓለም ላይ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ፈዝ ፔዳል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ አፍራን ቀሎ የሚባሉት ሙዚቀኞች እዚሁ ድሬ ሲነሱ፣ ዓሊ ቢራም ገና ልጅ ሆኖ ከነሱ ጋር ሲዘፍን፣ ያው ዘመን ነው። ድሬ ፔዳል ጠብቃ አልዘፈነችም። ያን የኪቦርድ አዳፕተር ደግሞ ፕላስተር ለጥፍበትና «ኪቦርድ 12» ብለህ ጻፍበት፣ አሁኑኑ፣ እኔ ፊት።