ከፍለውበት ያልተገጠመ ቴርሞስታት

ጥያቄ፦ መኪናዬ እየፈላ ስላስቸገረኝ ጋራዥ ወስጄ ቴርሞስታት አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በወጉ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል። ሌላ መካኒክ ከፍቶ ሲያየው ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለም። ምን መብት አለኝ?

መልስ፦ ገንዘብዎን መጠየቅ ይችላሉ። ቴርሞስታቱን አውልቆ ቦታውን ባዶ መተው በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ «ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» የሚሉ መካኒኮችም አሉ። ሕጉ ግን የሚመለከተው የተስማማችሁበትን ነው። የአዲስ ዕቃ ዋጋ ተቀብሎ ያልገጠመ ሰው ውሉን አልፈጸመም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1771 መሠረት ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲፈርስ፣ ከዚህም ጋር ለደረሰብዎ ጉዳት እንዲካሱ መጠየቅ ይችላሉ። አስቀድመው ግን ለጋራዡ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ በጽሑፍ ቢሆን ለማስረጃ ይበጃል።

መኪናው የቤት ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ይረዳዎታል። ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ሥራው ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቀኑ አጭር ነውና አይዘናጉ። ታክሲ ወይም የጭነት መኪና ከሆነ ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛውን ስለሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሄድ ይሻላል።

ቴርሞስታቱ በእርግጥ ተገጥሞ ቢበላሽስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚከሰውን ይስታል። ዕቃውን ያቀረበው ጋራዡ ከሆነ ለዕቃውም ለሥራውም ተጠያቂው እሱ ነው። እርስዎ ራስዎ ከሶማሌ ተራ ገዝተው ካመጡ ግን የዕቃው ጉድለት የሻጩ፣ የአገጣጠሙ ስህተት የመካኒኩ ነው። ሁለቱ አንዱ በሌላው እንዳያላክኩ፣ ዕቃው ከመፈታቱ በፊት ገለልተኛ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ስለሚያግድ ሞተሩ በፍጥነት ይፈላል። ጌጁ ቀይ እያሳየ «ቤት ልድረስ» ብለው ከነዱና ጋርኒሲዮኑ ከተቃጠለ ወይም ቴስታታው ከተጣመመ፣ ሙሉውን ኪሳራ ከጋራዡ ማግኘት ይከብድዎታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1802 ተበዳዩም ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ መኪናውን ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ጌጁን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ከእንግዲህ ጋራዥ ሲሄዱ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የወለቀውንም አሮጌ ቴርሞስታት ሳይዙ አይውጡ።