የተስተካከሉ የውቅር ፋይሎች በጥቅል ማሻሻያ ወቅት፦ የዲፒኬጂና የአርፒኤም አሠራር ንጽጽር

የሊነክስ ሰርቨር ባለሙያዎች ከጥቅል ማሻሻያ በኋላ ከሚገጥሟቸው ችግሮች አንዱ፣ በእጃቸው ያስተካከሉት የውቅር ፋይል ቀርቶ በምትኩ ከጥቅሉ ጋር የመጣው ሥራ ላይ ውሎ መገኘቱ ነው። ክስተቱ እንደ ድንገተኛ ብልሽት ሊታይ ይችላል። የጥቅል ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች አሠራር ሲመረመር ግን ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ባለሙያው ፋይሉን መለወጡ ብቻውን አይወስነውም፤ የጥቅሉ አዘጋጅ ፋይሉን በምን መደብ እንዳስመዘገበው ወሳኝ ነው።

በዴቢያንና በኡቡንቱ የሚያገለግለው ዲፒኬጂ፣ የውቅር ፋይል ተብሎ የተመዘገበን ፋይል በሦስት መልኩ ያነጻጽራል፦ ቀድሞ የተጫነውን፣ አሁን በዲስኩ ላይ ያለውንና አዲሱ ጥቅል ያመጣውን። ለዚህም የቀድሞውን ፋይል የኤምዲ5 አሻራ መዝግቦ ያቆያል። ፋይሉ በሰው እጅ ካልተነካ ሳይጠይቅ ይተካዋል፤ ተነክቶ ጥቅሉ ካልለወጠው ደግሞ ሳይጠይቅ ይተወዋል። ጥያቄ የሚያቀርበው ሁለቱም ወገኖች ሲለውጡት ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ለአፕት አስቀድሞ በሚሰጠው የ«አዎን» አማራጭ ይመለሳል ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

በሬድ ሃትና በፌዶራ የሚሠራው አርፒኤም በአንጻሩ አይጠይቅም። ሁለቱም ወገኖች የለወጡት ፋይል «ኮንፊግ ኖሪፕሌስ» የሚል ምልክት ካለው ነባሩ ይጸናል፤ አዲሱ «አርፒኤምኒው» በሚል ቅጥያ አጠገቡ ይቀመጣል። ምልክቱ «ኮንፊግ» ብቻ ከሆነ ግን አዲሱ ሥራ ላይ ይውላል፣ ነባሩም «አርፒኤምሴቭ» ተብሎ ይቀራል። ለአብነት በይለፍ ቃል መግባትን የሚከለክል መስመር የታከለበት ፋይል በዚህ መደብ ቢመዘገብ፣ ክልከላው ከማሻሻያው በኋላ ሊነሣ ይችላል። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ለውጡ ሳይስተዋል ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ምንም ምልክት የሌለው ፋይል ነው፤ ቅጂ እንኳ ሳይቀርለት ይተካል። በዩኤስአር ማውጫ ሥር ያሉ የሲስተምዲ አገልግሎት ፋይሎችን በቀጥታ ማረም የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ለውጡ በኢቲሲ ማውጫ ሥር በተጨማሪ ፋይል ሲጻፍ ማሻሻያው አይደርስበትም።

ነባሩን ሁልጊዜ ማስቀረትም ያለ ዋጋ አይደለም። ዲፒኬጂ ነባሩን ፋይል በግዴታ እንዲይዝ ሲታዘዝ አዲሱን «ዲፒኬጂ-ዲስት» በሚል ቅጥያ ያስቀምጣል፤ የሚያነበው ከሌለ ከአዲሱ ጋር የመጣው የደኅንነት እርማት ሥራ ላይ አይውልም። ኢቲሲኪፐር የተባለው መሣሪያ የኢቲሲ ማውጫን በጊት መዝግቦ ከማሻሻያ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ያሳያል። በዩኤስአር ሥር የተደረገን እርማት ግን አይመዘግብም።