ጥያቄና መልስ፦ ከደብተር በፊት ሰው

ጥያቄ፦ የኑሮ ችግር በማሳደጊያ ያሉ ልጆችን ትምህርት እንዴት ይጎዳል?

መልስ፦ ከደብተርና ከዩኒፎርም በፊት የሚጎድለው ሰው ነው። ገንዘብ ሲያጥር ሞግዚት ይቀነሳል፤ ልጁን የሚያጫውተው፣ የቤት ሥራውን የሚያይለት ይጠፋል።

ሩማንያ መራር ምስክር ናት። መሪዋ ቻውሼስኩ በ1966 እ.ኤ.አ. ፅንስ ማስወረድን በጥብቅ ገደበ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የውጭ ዕዳ ለመክፈል ሲል ሕዝቡን አስራበ። ብዙ ድሃ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመንግሥት ማሳደጊያ ሰጡ። በ1989 ሥርዓቱ ሲወድቅ በማሳደጊያዎቹ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች ነበሩ። አካል ጉዳተኛ ተብለው ከተለዩት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም።

በ2000 እ.ኤ.አ. በቡካሬስት የተጀመረ ጥናት 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን ተከታተለ። ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ፤ የአእምሮ ዕድገታቸውም በማሳደጊያ ከቀሩት የተሻለ ሆነ። 2 ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ይበልጥ ተጠቀሙ።

ስለዚህ በጀት የጠበበበት ማሳደጊያ የሞግዚቶችን ደመወዝ በመጨረሻ ይንካ፤ አቅም ያላቸው ዘመዶች ካሉም ልጁን እንዲወስዱ ይደግፍ።