የጣሪያው መከታና የፒክአፑ ጭነት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ ለቤት ሠሪ የተሰጠ ትእዛዝ አለ። በዚያ አገር የቤቱ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይወጣበታል፣ ይቀመጥበታል፣ የተልባ እግር ያሰጣበታል። ስለዚህ ሕጉ ቤት የሠራውን ሰው በጣሪያህ ዙሪያ መከታ አብጅ ይለዋል። መከታ ሳያበጅ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ፣ የወደቀው ሰው ደም የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ማንንም አልገፋም። በልቡም ክፋት አልነበረም። ሊሠራው የሚገባውን አለመሥራቱ ብቻውን ባለ ደም አደረገው። «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ እጃችንን ከሰይፍ ከመከልከል አልፎ የሚያዝዘን ነገር እንዳለ ከዚህ እንማራለን። ፒክአፕ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ የናንተ ጣሪያ ካሶኒው ነው። መከታውን አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው መከታ ቁጥር ማወቅ ነው። የመኪናው የመጫን አቅም ሊብሬው ላይ ሰፍሯል፤ በብዙ መኪና ደግሞ በሹፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት ይገኛል። ለምሳሌ ጠቅላላው 2,800 ኪሎ የተፈቀደለት፣ ባዶውን 1,900 የሚመዝን ደብል ካቢን እንውሰድ። የቀረው 900 ኪሎ ነው። ጋቢና ውስጥ 70፣ 70 ኪሎ የሚመዝኑ 5 ሰዎች ከተቀመጡ 350 ሄደ። ለካሶኒው የቀረው 550 ኪሎ፣ ማለት 11 ከረጢት ሲሚንቶ ነው። «ፒክአፕ 10 ኩንታል ይችላል» እያልን የምንጭነው ሰዎቹን ሳንቆጥር ነው። ዓይንም ያታልላል። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አሸዋ ወደ 2 ቶን ይጠጋል፤ 50 ባለ 12 ፌሮ ከ530 ኪሎ ያልፋል። ካሶኒው ገና ሳይሞላ አቅሙ ሊያልቅ ይችላል።

አባቶቻችን በአህያና በበቅሎ ሲጭኑ፣ ጭነት የበዛበት እንስሳ ራሱ ይናገር ነበር። ያቃስታል፣ ይተኛል፣ ጀርባው ይገጠባል። መኪና ግን ሕመሙን በሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ቋንቋውን መማር የእኛ ፋንታ ነው። የኋላው ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ሲል የፊት ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው መያዝ ያቅታቸዋል፤ መሪው ይቀላል፣ ኩርባ ላይ መኪናው እንደ ልብ አይታዘዝም። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ስለሚያይ አጭር መብራት እንኳ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። እርሱ ገደል ቢገባ የእኛ ጭነት ነው የገፋው። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን አስታውሱ፤ በሬው ተዋጊ እንደሆነ አስቀድሞ የተነገረው ባለቤት፣ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል በራሱ ላይ ይፈረድበታል። እነዚህ ምልክቶች ለሹፌር አስቀድሞ የተነገሩ ናቸው። አላወቅሁም ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስላለ ቆም እንበል። መኪናው ዝቅ ሲል ጋራዥ ሄደን ባሌስትራ እናስጨምራለን፤ ቀና ይላል፣ ልባችንም ያርፋል። ነገር ግን አክስሉ፣ ሻንሲው፣ ጎማውና ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው። ከዚህ የሚብስም አለ። በብዙ ሃይሉክሶችና መሰል ፒክአፖች ከኋላ አክስል አጠገብ ትንሽ የፍሬን መሣሪያ አለች። በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት እየለካች፣ መኪናው ዝቅ ሲል «ጭነት አለ» ብላ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ኃይል ትሰጣለች። ባሌስትራው ጠንክሮ መኪናው ቀና ካለ፣ መሣሪያዋ እንደ ገና ካልተስተካከለች መኪናው ባዶ ነው ብላ ታምናለች፤ ፍሬኑ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከኋላ ኃይል ይጎድለዋል። ምልክቱን ደበቅነው እንጂ ሕመሙን አላዳንነውም። ይህን ደጋግሜ የማስተምረው ባሌስትራ የሚያስጨምሩት ብዙዎቹ ጥንቃቄ ያደረጉ መስሏቸው ስለሆነ ነው።

ጎማ በጠዋት፣ ሳይሞቅ ይለካ፤ ነፋሱም ሰሌዳው ለጭነት ባዘዘው ልክ ይሁን። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጭነት ሲበዛበት እየተጣጠፈ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ጎሚስታ ለዚህ የሚወስደው ደቂቃ ጥቂት ነው።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን፦ ከባዱ ከታች፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከኋላ አክስሉ ፊት፤ ግራና ቀኙ እኩል። ከአክስሉ ወደ ኋላ ያለፈ ክብደት ፊቱን እንደ ማንሻ ያነሣዋል። በርሜል ውኃ የምትጭኑ አፉ ድረስ ሙሉት ወይም ባዶውን ውሰዱት፤ ግማሽ የሆነ ውኃ በየኩርባው እየተናወጠ መኪናውን ይገፋል።

ስለ ማሰር ደግሞ፣ «ከባድ ስለሆነ አይነቃነቅም» የሚለውን አትመኑ። መኪና በድንገት ሲቆም ጭነቱ በነበረበት ፍጥነት ጉዞውን መቀጠል ይፈልጋል። በአሜሪካም በአውሮፓም የጭነት ደንቡ ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት 8 አሥረኛ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 5 አሥረኛ ይቋቋም ይላል። ስለዚህ 500 ኪሎ ፌሮ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ በ400 ኪሎ ኃይል ወደ ጋቢናው ቢመጣ በሚያግደው ማሰሪያ መታሰር አለበት። ገመዱ በሻንሲው ወይም በካሶኒው ማሰሪያ ቀለበት ላይ ይያዝ እንጂ በስፖንዳ መቀርቀሪያ ላይ አይሁን። አሥር ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና እንደ ገና አጥብቁት። ጭነት ሲረጋ ገመድ ይላላል።

ጭነቱ ላይ ሰው አይቀመጥ። የቀን ሠራተኛው ራሱ «ግዴለም፣ እዛው ላይ ልሁን» ሊል ይችላል፤ የቀን ገቢው እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው። ይህ ግን ያለ መከታ ጣሪያ ላይ ሰው ማስቀመጥ ነው፤ ቃል በቃል ሕጉ የተናገረለት ነገር። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፣ ወይም የታክሲውን ስጡት።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የምትወርዱ፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። ፍሬን ብቻውን ከያዘ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት 4 እጥፍ ይሆናል። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መውረድ በጭነት ላይ ነፍስ ማስያዝ ነው።

«ሥዕለ አድኅኖ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» የሚል አለ። ሥዕሉ ይኑር፣ ጸሎቱም ይጸለይ፤ ይህን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል ያለው ማን እንደ ነበር አስቡ። ጌታ የመለሰለት አምላክን መፈታተን አይገባም ብሎ ነው። የሚቻለንን ሠርተን ያልተቻለንን ለእርሱ መስጠት እምነት ነው፤ የሚቻለንን ትተን ጠብቀን ማለት ግን ያ ፈተና ነው።

ይህ ቃል ለጭነቱ ባለቤትም ነው። ሹፌሩ «ይበቃል» ሲል «አምስት ኩንታል ጨምር፣ አለዚያ ሌላ መኪና አለ» የምትሉ፣ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ከባድ ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ እየጫኑ ራሳቸው በጣት ስለማይነኩት የተናገረው ይመለከታችኋል። ደሙ በሁለት ቤት ላይ ይወድቃል።

በመንገድ ላይ ደግሞ ጭነት ከብዶት ዳገት ላይ የቆመ ሰው ታገኛላችሁ፤ ምናልባት በወረፋ የተጣላችሁት ሰው ይሆናል። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ አትለፈው የሚል ሕግ በዘጸአት ምዕራፍ 23 አለ። ቦታ ካላችሁ ጥቂት ኩንታል ውሰዱለት። ቦታ ከሌላችሁ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አድርጉለት፣ ጭነቱን እንዲያቀል አግዙት። ሲንቀሳቀስ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሡት፤ በሌሊት የሚመጣው አያየውም።